ከወለል በታች ይጠብቁ የነበሩት አቶ አበጋዝ

ወገኖቼ፣ የቆማችሁ እስቲ ተቀመጡ፤ ከኋላ ያላችሁም ቀረብ በሉ። የወንድማችንን የአቶ አበጋዝ ሞገስን ነገር ዛሬ ከሥሩ ስሙልን።

አቶ አበጋዝ ከአባታቸው ከአቶ ሞገስ ደምሴና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኤልፍነሽ ወርቁ በ1940 ዓ.ም. ድሬዳዋ ከዚራ ተወለዱ። እዚያው ተምረው በባቡር ሠራተኞች ክበብ አኮርዲዮንና ኦርጋን ይጫወቱ ነበር። በ1974 ዓ.ም. ወይዘሮ እናትነሽን አግብተው ልጃቸውን ማዕረግን ወለዱ።

ከዚህ ወዲህ ቀኑንም ዓመቱንም እንደ ፈረንጆቹ እንቁጠርና፣ በ1991 በጅቡቲ በኩል ሆላንድ ገብተው ሮተርዳም፣ ሆግቭሊት ሰፈር ተቀመጡ። የመኖሪያ ፈቃድ እንዳገኙ ዴን ሃግ ከተማ ውስጥ፣ የድሮ ሲኒማ ቤት መስሎ በተሠራ የቤተሰብ ምግብ ቤት ኦርጋን ተጫዋች ሆኑ። ኦርጋኑ ከነተጫዋቹ ከወለል በታች ካለ ጉድጓድ በሊፍት ይወጣል፤ ሊፍቱን የሚያዘው አለቃው ነው። አቶ አበጋዝ ቀይ ኮት ለብሰው በዚያ ጠባብ ጉድጓድ ተራቸውን ይጠብቃሉ፤ ልደት ያለው ሕፃን ሲመጣ ብቅ ይላሉ። «እኔስ በቁሜ ተቀበርኩ» እያሉ ይቀልዱ ነበር። ግን ቋሚ ሥራ ከሌለ አገር ቤት የቀሩት እናትነሽና ማዕረግ አይመጡም፤ የት ይሂዱ?

በ1995 እናታቸው አረፉ። ሽማግሌዎች መርዶ ሊነግሯቸው ማለዳ ቤታቸው ቢደርሱ እሳቸው ለሥራ ወጥተዋል። ማታ ከአገር ቤት ስልክ ይደወላልና ብቻቸውን እንዳይሰሙት ተብሎ ምግብ ቤቱ ድረስ ተሄደ። ሽማግሌዎቹ በሕፃናት መሐል ተቀመጡ፤ አስተናጋጇ ከሽማግሌዎቹ ለአንዱ፣ ለአቶ ሽባባው፣ የወረቀት ቆብ ደፋችላቸው፤ እሳቸውም እንቢ ለማለት አፈሩ። ኦርጋኑ ሲወጣ አቶ አበጋዝ አዩዋቸው። ሽማግሌዎቹ ግን አንዳቸውም ቀና ብለው አላዩዋቸውም። ያኔ መርዶ መሆኑ ገባቸው። መውረጃ የለም። ልደቷ የሚከበረው ሕፃን ደግሞ ታጨበጭባለች። እንባቸው እየወረደ ዘፈኑን እስከ መጨረሻው ተጫወቱላት።

ሐዘን ሳይቀመጡም በማግስቱ ሥራ ገቡ። ያገራችን ሰው በሚበዛበት በአምስተርዳሙ ቢልመር ሰፈር ድረስ «እናቱ ሞታ ሙዚቃ ይመታል!» ተባለ። እሳቸውም «ልጄ ትግባልኝ እንጂ ይበሉ» ብለው ሥራቸውን ቀጠሉ።

በ1997 ባለቤታቸውና ልጃቸው ገቡ። አቶ አበጋዝ ሥራውን ለቀቁ፤ የእናታቸውንም ተዝካር ያን ጊዜ አወጡ። ነገር ግን ኩላሊታቸው ታሞ፣ ሲታከሙ ቆይተው መጋቢት 9 ቀን 1999 ሮተርዳም ውስጥ በሃምሳ አንድ ዓመታቸው አረፉ። ወይዘሮ እናትነሽንና ማዕረግን ትተውልናል።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ጣራ በሌለው ሰፊ ስፍራ ያሳርፍልን። እናንተም ልጆቻችሁን ይዛችሁ ከምትበሉበት ኦርጋን ሲመታ ብትሰሙ፣ እባካችሁ የተጫዋቹን ፊት አንድ ጊዜ እዩልን፤ አበጋዝንም አስቡልን።