ሦስተኛ ሳጥን ስለሌለው ቅጽ

ለአነስተኛ ገቢ ቤተሰቦች የቤት ባለቤትነት ፕሮግራም ጽሕፈት ቤት
ለክቡር ኃላፊው

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጤናዎ እንደሚቀመጡበት ወንበር የተደላደለ፣ ዕድሜዎም በቢሮዎ ደጃፍ እንዳለው ሰልፍ የረዘመ ይሁንልዎ። እኔ ደህና ነኝ፤ ልጄም ደህና ናት። የተከራየናት ክፍል ብቻ ደህና አይደለችም፤ አከራያችን ግድግዳዋን አፍርሶ ሱቅ ሊያደርጋት ስላሰበ እስከ ወሩ መጨረሻ እንድንለቅለት ነግሮናል። ስለዚህ ይህን የምጽፍልዎ ተረጋግቼ ተቀምጬ አይደለም። ሁለት መስመር እጽፍና ተነሥቼ ዕቃ አስራለሁ፤ የምንሄድበትን ሳላውቅ ማሰሩ ምን ይረባል ብዬ ደግሞ እፈታዋለሁ።

ደብዳቤዬን በአደባባይ ያደረግሁት ድፍረት ይዞኝ እንዳይመስልዎ። በመስኮት ቁጥር ሰባት ሦስት ጊዜ አስገብቼ ሦስት ጊዜ «አልደረሰንም» ስለተባልኩ፣ በጋዜጣ ቢወጣ ከባልደረቦችዎ አንዱ ለንባብ ባይሆን ለዕቃ መጠቅለያ ሲያነሣው ያየው ይሆናል ብዬ ነው። ምስጋናዬንና ቅሬታዬን እንደ እናንተ ደንብ በቁጥር አስቀምጫለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ድህነቴ። ፕሮግራሙ ለድሆች መሆኑን ከማስታወቂያው አንብቤ ስመጣ፣ ድሃ መሆኔን አሠሪዬ በማህተም እንዲያረጋግጥልኝ ታዘዝኩ። እኔ በራፌ ላይ የስፌት መኪናዬን ዘርግቼ ዚፕ የምቀይር፣ የተማሪ ዩኒፎርም የምሰፋ ሴት ነኝ፤ ከራሴ ሌላ አሠሪ የለኝም። ይህንኑ ባስረዳ ባለሙያዎ ቀና ሳይል «እንግዲያው ለራስዎ ይጻፉ፤ ማህተም ግን ይኑረው» አለኝ። ጻፍኩ። «ይህች ሴት በእኛ ዘንድ ለሃያ ሁለት ዓመት በትጋት አገልግላለች፤ ጠባይዋ ዝምተኛ ነው፤ ገቢዋም እንደ ጠባይዋ ነው» አልኩ። ማህተም ስለሌለኝ ባለ አራት ቀዳዳ የካፖርት ቁልፍ ቀለም ነክሬ መታሁበት። በደስታ ተቀበሉኝ! ዛሬ በፋይላችሁ ውስጥ አንድ የካፖርት ቁልፍ እንደ መሥሪያ ቤት ተመዝግቦ ይገኛል። ስላመናችሁት ቁልፉም እኔም እናመሰግናለን።

ሁለተኛ፣ ስለ ባለቤቴ። ባለቤቴ ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። የሞት ማስረጃውን ሳቀርብ ግን ከሦስት ወር በላይ የቆየ ማስረጃ ስለማይሠራ አሳድሼ እንድመጣ ተነገረኝ። ልክ ናችሁ። ሰው በሦስት ወር ውስጥ ሐሳቡን ሊለውጥ ይችላል። ሄጄ አጣርቼ መጣሁ፤ አልለወጠም።

ሦስተኛ፣ ስለ ተራችን።

ሁሉ ተሟልቶ «ሐሙስ መጥተው ይፈርሙ» ከተባልኩ በኋላ ከመዝገብ ክፍሉ አንድ የደበዘዘ ወረቀት መጣ። ከዐሥራ ሦስት ዓመት በፊት በባለቤቴ ስም ዕጣ ወጥቶ፣ በደብዳቤ ተጠርቶ፣ በሠላሳ ቀን ውስጥ ስላልቀረበ ቤተሰቡ መብቱን እንደተወ ተቆጥሯል ይላል። አንዴ የተወ ቤተሰብ ደግሞ ዳግም አይመዘገብም። ባለቤቴ የተወ ሰው ነው! ለሳኝ ነበር፤ የእናንተን ሕንፃዎች ግድግዳ የለሰነ ሰው። በእነዚያ ሕንፃዎች አጠገብ ባለፍን ቁጥር ለልጃችን መስኮት እየቆጠረ «የኛ ይቺ ብትሆን ፀሐይ ትገባለች፤ ይቺኛዋ ደግሞ ጥግ ስለሆነች ጫጫታ የለባትም» ይላት ነበር። ሙሉ አራት ዓመት፣ እስኪሞት ድረስ፣ የሥራ ልብሱን ቀይሮ ወደ መስኮታችሁ እየሄደ «ተራችን ደረሰ ወይ?» ይላል፤ እናንተም «ሲደርስ ደብዳቤ እንልካለን፤ ይጠብቁ» ትሉታላችሁ። ስሙ ከተጠባባቂዎች መዝገብ ተሰርዞ፣ መብታቸውን ከተዉት መዝገብ ገብቶ፣ እሱ ግን እንዲጠብቅ ሲመከር ነበር። ለዚህ ጥንቃቄያችሁ ቃል የለኝም።

በመስኮት ሰባት የምትሠራው ልጅ ደግ ናት፤ እባክዎ በዚህ እንዳትቀጣ። እኔ ወረቀቱን ይዤ ደርቄ ስቀር አንድ ቅጽ አወጣችልኝ። ሁለት ሳጥን አለው። አንደኛው «ደብዳቤው አልደረሰኝም» ይላል፤ ሁለተኛው «ደርሶኝ መብቴን ትቻለሁ»። ጎንበስ ብላ በለሆሳስ «እማማ፣ የተረከበው ሰው ፊርማ እኛ ጋ የለም። አልደረሰኝም የሚለው ላይ ምልክት ያድርጉና ይገላገሉ። ማን ያውቃል?» አለችኝ።

እኔ አውቃለሁ።

ክቡር ሆይ፣ ደብዳቤው ደርሶኛል። ባለቤቴ ለሥራ ሌላ ከተማ በሄደበት ወር ነው የመጣው፤ በሰማያዊ ማህተም፣ በወፍራም ነጭ ወረቀት። ባለቤቴ ሲያገባኝ አራተኛ ክፍል ደርሻለሁ ብዬው ነበር። አንድ ፊደል አልለይም ነበር። በግቢው ጋዜጣ ይዤ የምቀመጥ ሴት «እስቲ ይቺን አንብቡልኝ» ብዬ ለጎረቤት እንዴት ልስጥ? ሲመጣ ያየዋል ብዬ ከመቁረጫ ልኮቼ ጋር አስቀመጥኩት። እኛ ሰፊዎች የእጅጌውንም የኪሱንም ልክ ባገኘነው ወረቀት ላይ ነው የምናወጣው። ትምህርት ቤት ሊከፈት ሁለት ሳምንት ቀርቶት ዩኒፎርሙ ሲጎርፍብኝ፣ ከሁሉ ጠንካራው ወረቀት እሱ ሆነና በመቀስ ዞርኩበት። የሰባት ዓመት ልጅ ኮሌታ አወጣሁበት። ባለቤቴ ተመልሶ «የመጣ ነገር አለ?» ሲለኝ «የለም» አልኩ።

ማንበብ የተማርኩት እሱ ከሞተ በኋላ ነው፤ ከልጄ ደብተርና ልክ ካወጣሁባቸው የድሮ ጋዜጦች። ከጋዜጦቹ ያነበብኩት ወሬ ሁሉ ብብቱ ላይ ሲደርስ ስለሚቆረጥ ብዙ ነገር ጀምሬ አልጨረስኩም። አንድ ቀን ግን ኮሌታውን አነሣሁ። በግራ ክንፉ የባለቤቴ ስም አለ። በቀኙ «በሠላሳ ቀን ውስጥ» ይላል። አንገት በሚገባበት በኩል «እንኳን ደስ» ብሎ ቀሪው በመቀሴ ሄዷል። ስድስት ዓመት ሙሉ የሰፈሩን ልጆች ኮሌታ የቆረጥኩት በቤታችን ደብዳቤ ነበር። ያን ቀን ከመኪናው ተነሥቼ ክፍሏን ስንት ጊዜ እንደዞርኳት አላውቅም፤ ከዚያ ወዲህም ደህና አድርጌ ተቀምጬ አላውቅም።

እንግዲህ በሁለቱ ሳጥኖች ፊት ቆምኩ። «አልደረሰኝም» ብል፣ ለባለቤቴ የዋሸሁትን በማህተም ደግሜ መዋሸቴ ነው። «ትቻለሁ» ብል፣ የሰው ግድግዳ ሲለስን ዕድሜውን የጨረሰውን ሰው በሞተበት መወንጀሌ ነው። ስለዚህ የመለኪያ ማስመሪያዬን ከቦርሳዬ አውጥቼ ከሁለቱ በታች ሦስተኛ ሳጥን አሰመርኩና «ደርሶኝ ማንበብ አልቻልኩም» ብዬ ምልክት አደረግሁበት። ሳጥኗ ከእናንተ ሁለቱ ይልቅ ቀጥ ያለች ናት። ባለሙያዎ አይቶ «ቅጹ ተበላሽቷል» ብሎ መለሰልኝ። «ስንት ዓይነት ሰው አለ፤ ለሁሉ ሳጥን ልንሠራ ነው እንዴ?» አለ ደግሞ። ቤት ልትሠሩልን አልነበረም እንዴ? ሳጥን ከቤት ይቀላል ብዬ ነው።

አራተኛ ብዬ ስለ አግዳሚ ወንበራችሁ ልጽፍ ነበር፤ ተውኩት። የሚቆምበት ቦታ ላለው ነገር ማዘን አሁን አይሆንልኝም።

የምለምንዎት አንድ ነገር ነው። የይግባኙ ቀን ሐሙስ ያበቃል። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ደብቄው ኖሬአለሁ፤ ዛሬ አልደብቀውም። ነገር ግን ጥፋቴን አለማንበብ ብላችሁ ጻፉት እንጂ መተው አትበሉት። ኮሌታውንና የተበላሸውን ቅጽ ከደብዳቤዬ ጋር አያይዤ ለአራተኛ ጊዜ አስገብቻለሁ። ልጄ «እማ፣ ምልክቱን አድርጊና እንሂድ፤ አባዬም ቢኖር አድርጊ ነበር የሚልሽ» እያለች ሰንብታ፣ ትናንት ይህን ደብዳቤ አነበበችው። አንብባ ጨረሰች። ከዚያ እስክሪብቶዬን ወስዳ ሦስት ቦታ አረመችልኝና ዕቃ ማሰሩን እሷ ቀጠለች። እኔ የምፈታውን እሷ መልሳ ታስራለች።

ለሰጡኝ ጊዜ፣ ለሚሰጡኝም ተጨማሪ ጊዜ በቅድሚያ እያመሰገንኩ፣ በአግዳሚ ወንበራችሁ ሦስተኛ ቦታ ላይ፣ ከዘበኛው ምሳ ዕቃ አጠገብ ሁልጊዜ የምገኝ፣

አክባሪዎ፣
የለሳኙ ሚስት፣ ልብስ ሰፊዋ

ማስታወሻ፦ መልስዎ በደብዳቤ ከሆነ እባክዎ እንደዚያኛው በወፍራሙ ወረቀት ይላኩልኝ። ተፈቅዷል የሚል ከሆነ ማንበብ ለማይችሉት የግቢያችን ሴቶች ጮክ ብዬ አነብላቸዋለሁ። ተከልክሏል የሚል ከሆነም አይባክንም። ትምህርት ቤት ሊከፈት ነው፤ የኮሌታ ልኬም እናንተ ጋ ቀርቷል።