የአቶ ጋሻው ብዕር

ወንድም ጋሼ በከር፣ አሰላሙ ዓለይኩም! ሰላምታዬ ኮምቦልቻ ላላችሁት ሁሉ ይድረስ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ።

አንተ ያስተማርከኝ የእጅ ጽሑፍ አለመሆኑን አይተህ እንዳትደነግጥ። የሚጽፉልኝ ልደታ ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ማመልከቻ የሚጽፉት አቶ ጋሻው ናቸው።

የስፌት ፋብሪካው በሕመም ፈቃድ ላይ እያለሁ አሰናበተኝ። እያለቀስኩ የተንተባተብኩትን ሁሉ አቶ ጋሻው ሰምተው በግማሽ ገጽ አሰፈሩት። «አመልካች ወይዘሪት አማል ሰባት ዓመት በታማኝነት አገልግላለች» ብለው ሲያነቡልኝ፣ ወላሂ፣ የሌላ ትልቅ ሰው ታሪክ መሰለኝ! ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ጠጋ ብሎ አዳመጠ። ሰው በብዕር ብቻ እንዲህ ቀና ይላል እንዴ?

«ወደ ሥራሽ መመለስ ነው የምትጠይቂው ወይስ የስንብት ክፍያ?» አሉኝ። ክፍያው ይበቃኛል አልኳቸው። ስፌት ሰልችቶኛል።

ደግነታቸውስ! ሻይ ጋብዘውኝ፣ ጠጥቼ እስክጨርስ ብርጭቆውን ራሳቸው ያዙልኝ። ይህንን ደብዳቤም በነጻ ነው የሚጽፉልኝ።

እማ ስትጠይቅህ ወፍራለች በላት። ልጆቹን ሳምልኝ፤ በዱዓህም አትርሳኝ።

እህትህ አማል

ከታች ያለው የአውራ ጣቴ አሻራ ነው። ስሜን መጻፍ ግን አልረሳሁም፣ ወንድም ጋሼ፤ ጣቶቼ ብዕር አልይዝ ብለው ነው።