ከሙዚቃው በኋላ ያለው ባዶ ቦታ

ሸፊልድ፣ ኅዳር

እሌንዬ፣ ይቺን ሳልነግርሽ ባድር ያመኛል። ጎረቤቴ ዶሪን ልጇን ኒልን መጋቢት ላይ ቀብራለች። እሱና ጓደኛው ጋሪ መኝታ ቤት ዘግተው የሠሩት፣ ቴክኖ የሚሉት የማሽን ሙዚቃ አልበም አልቆ የእሷን እሺታ ብቻ ይጠብቅ ነበር። ጋሪ "እናቱ ካልፈቀደች አይወጣም" ብሎ ምሏል። ዛሬ ቀትር ላይ የሙዚቃ ሸክላ ወደሚቀረጽበት ቤት አብሬያት ሄጄ ሰማነው። እኛ ዘንድ ቢሆን ስንቱ ደረቱን በመታ! እነሱ ሻያቸውን እየጠጡ ሰሙት።

"ስድስት ዓመት ኮርኒሴን ያራገፈው ይሄ ዱም ዱም ነው?" አለች ዶሪን።

"ኧረ ማዘር፣ ለእርስዎ ብለን ቀንሰነዋል" አላት ጋሪ።

ሻይዋን ጨርሳ "ይውጣ" አለች።

እዚህ አገር ሸክላው ላይ ሙዚቃው ካለቀበት እስከ መሃሉ ክብ ወረቀት ባለው ባዶ ቦታ ላይ ቀራጩ በመርፌ አንድ ነገር ይጭራል። ጋሪ የኒልን ስም ሊያስጭር አስቦ ነበር። ዶሪን ግን "አምጣው የኔ ሆድ፣ እኔ ልጻፈው" ብላ መርፌውን ተቀበለች። በየማታው ከደረጃው ሥር ትጮህለት የነበረውን ጻፈች፦ "ኒል፣ ራት ቀርቧል፤ አጥፋውና ና።"

ቦታ አለቀብኝ። እትዬ ስንዱንና ልጆችሽን ሳሚልኝ። ዛሬ ራት የምበላው ከዶሪን ጋር ነው።

ጽጌ