ከዋጋው በላይ ዕዳ ያለበትን ቤት ለቅቄ እንድወጣ ፈቃድዎን ስለመለመን

ለተከበሩ አቶ ሎርካን ዴቬኒ
የካራክሞር ቤት ብድር ባንክ ዋና ሥራ አስኪያጅ
ደብሊን

ክቡርነትዎ፣ ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በሕዝብ ገንዘብ ታክሞ የዳነው ባንክዎ በሙሉ ጤንነት ላይ እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ማላኪ ብሬሄኒ በሊትሪም አውራጃ የኪልብራክ መንደር ነዋሪና የታሪክ መምህር ስሆን፣ ስለ ታላላቅ ውድቀቶች ሳስተምር ምሳሌ ፍለጋ ከቤቴ እንዳልርቅ ስላደረጉልኝ አስቀድሜ ላመሰግንዎ እወዳለሁ።

ጉዳዬ አጭር ነው። ባለቤቴ አትራክታ ኮርክ ከተማ በሚገኝ ሆስፒታል ቋሚ የነርስነት ሥራ ስላገኘች እሑድ ሄዳ ዓርብ ትመለሳለች። የስድስት ዓመቷ ልጃችን ብሮና እናቷን ስጦታ ይዛ እንደምትመጣ ደግ አክስት መቁጠር በመጀመሯ፣ ቤቱን ሸጠን ሁላችንም ወደ ኮርክ ለመሄድ ወሰንን። እንቅፋት የሆነብን ትንሽ ነገር፣ የቤት ዋጋ ከወደቀ ወዲህ ቤቱ ቢሸጥ የሚያወጣው የእርስዎን ብድር ግማሽ እንኳ አለመሙላቱ ነው። ስለዚህ የሚከተሉትን ምስጋናዎቼን እንዲቀበሉልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

አንደኛ፦ እ.ኤ.አ. በ2006 ስላደረጋችሁልን መስተንግዶ። ያኔ ቤቱ ገና በወረቀት ላይ የተሳለ ሥዕል፣ ቦታውም ውሃ የተኛበት መስክ ነበር። እኔ ግን የሮምን አወዳደቅ በቃሌ የምዘረዝር የተማረ ሰው እንደመሆኔ፣ ሌላ ሰው እንዳይቀድመኝ መኪናዬ ውስጥ አድሬ ተሰለፍኩ። ከኋላዬ ቆመው ቤት ያልደረሳቸውን ሰዎች ዞር ብዬ ሳይ ከልቤ አዝኜላቸው ነበር። ዛሬ እነሱ የትም ቢሆኑ ከእኔ የተሻለ እንቅልፍ እንደሚተኙ አልጠራጠርም።

ሁለተኛ፦ ደላላው ቤታችንን ለገዢዎች ክፍት ስላደረገበት ቅዳሜ። አማቴ ዝናብ እንዳይጥል፣ በአገራችን ለሠርግ ዋዜማ እንደሚደረገው ሁሉ፣ ‘የፕራግ ሕፃን’ የሚባለውን የሕፃኑን ኢየሱስ ትንሽ ሐውልት ከአጥሩ ሥር አስቀምጠው አደሩ። ጸሎታቸውም ሰምሮ በሊትሪም ታይቶ የማይታወቅ ፀሐይ ወጣ፤ ፀሐዩም እንግዳ መቀበያ ክፍላችን ገብቶ የሻገተውን ግድግዳ ለሁሉም አሳየ። ቀኑ ስላማረ መንደርተኛው በሙሉ መጣ። ገዢ ግን አልነበረም፤ ሁሉም እንደኛው የእርስዎ ደንበኞች ነበሩ። ጎረቤታችን ወይዘሮ ኮንሴፕታ ቲርናን ቁም ሣጥኖቻችንን አንድ በአንድ ከፍተው ካዩ በኋላ፣ “ለመግዛት እንኳ አይደለም የመጣሁት፣ ልጄ። ወጥ ቤታችሁን ሳላየው ልትሄዱብኝ ነው እንዴ?” አሉኝ። በሩ ጋ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “አደራህን ደላላው በጠራው ዋጋ እንዳትሸጥ። አንተ ስትረክስ እኛም አብረን ነው የምንረክሰው” ብለው ተሰናበቱኝ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ተፈላጊ ሆኜ አላውቅም።

ሦስተኛ፦ ስለ ባንክዎ ርኅራኄ። ከሽያጩ የማይሸፈነውን ዕዳ ኮርክ ወደምንገዛው ቤት ብድር ማዛወር እንችል እንደሆነ ስንጠይቅ፣ ይህ የሚፈቀደው ልዩነቱን በጥሬ ገንዘብ መክፈል ለሚችሉ ደንበኞች ብቻ እንደሆነ ተገለጸልን። እንዲህ ያለ ደንበኛ ካገኛችሁ እኔም ብተዋወቀው ደስ ይለኛል። በስልክ ያነጋገረችኝ ትሑት ሠራተኛችሁ ደግሞ የቤት ዋጋ እስኪያገግም ባለንበት እንድንቆይ መከረችኝ። እስከ መቼ ብዬ ብጠይቃት ዕድሜዬን ጠየቀችኝ።

ይህንን ሁሉ ባለፈው እሑድ ለአትራክታ ሳስረዳት፣ ሻንጣዋን መኪና ላይ እየጫነች ሰማችኝ። ከዚያ የኋላውን በር ዘግታ፣ “ማላኪ፣ እኛ ያስያዝነው ቤቱን ነው፤ እኔን አላስያዝክም። በሚቀጥለው ሳምንት ብሮናን ይዤ ነው የምሄደው። አንተ ከፈለግክ ግድግዳህን ስትጠብቅ ኑር” አለችኝ። የታሪክ መምህር እንደመሆኔ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ሲሰጥ አውቃለሁ።

ስለሆነም፣ መሸጡ ካልሆነ ቤቱን ለማከራየት ፈቃድዎን ከጠየቅሁ አራት ወር ቢሆነኝም፣ ምላሽዎ ቢመጣም ባይመጣም በመጪው ቅዳሜ ሦስታችንም ወደ ኮርክ እንሄዳለን። በዚያ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተከራይተናል፤ ጠባብ ነው፤ ግን ሦስታችንም እንገባበታለን። ወርሃዊ ክፍያዎ እንደ ወትሮው ይደርስዎታል። የሚጎድልብዎት የኛ እዚያ ቤት ውስጥ መቀመጥ ብቻ ነው።

ለክቡርነትዎ ያለኝን ልባዊ አክብሮት ከጡረታዬም በኋላ በየወሩ መግለጼን የምቀጥል፣

ታማኝና ቋሚ ደንበኛዎ
ማላኪ ብሬሄኒ

ማስታወሻ፦ ለቤቱ ተከራይ ማግኘቴን በደስታ አበሥርዎታለሁ። ከዋናው መሥሪያ ቤትዎ ወደ አውራጃችን ቅርንጫፍ የተዛወረ ጨዋ ወጣት ሲሆን፣ ኪራዩን በሙሉ የሚከፍልለት ባንክዎ ነው። እርስዎ ለእኔ ይከፍላሉ፣ እኔም ያንኑ መልሼ ለእርስዎ እከፍላለሁ። ከሚከራይ ለምን እንደማይገዛ ብጠይቀው ግን፣ “ምን ነካዎት ጋሼ፣ እዚህ ሰፈር ጤነኛ ሰው ቤት ይገዛል እንዴ?” አለኝ። በሥራው ላይ ያቆዩት፤ ባንክዎ እንዲህ ያለ ሰው ያስፈልገዋል።