ለእኔ የደበቅኸውን ለኮምፒውተርህ ነገርከው

ጫልዬ፣ የኔ ጌታ፣

ከተለየኸኝ ስምንት ወር ሊሆን ነው። እንዴት ነህ ብዬ ልጀምር አልኩና እጄ ቆመ። እኛ ደህና ነን። የአዳማ ሙቀት እንደምታውቀው ነው። አራት ዓመት ሙሉ «ነገ» ያልከኝን የመታጠቢያ ቤት በር አሠርቻለሁ። ልጃችን ሲፈንም ያንተኑ ሙያ ልትማር ዩኒቨርሲቲ ገብታለች።

የምጽፍልህ ግን ተቀይሜህ ነው።

ያ በትርፍ ጊዜህ የምትሠራው ጌም፣ የቆቃው ዓሣ አጥማጅ፣ ከሥራ ስትመጣ ጫማህን ሳታወልቅ የምትቀመጥበት። የጌሙ ውሃ ውሃ አልመስል ብሎህ ስንት ወር ደከምክ። ቆቃ ወስደኸኝ እንኳን የተጠበሰው ዓሣ ሲቀዘቅዝ አንተ ማዕበሉን በስልክህ ትቀርጽ ነበር። «ከእኔና ከውሃው ማን ያምራል?» ብልህ «ቆይ፣ ፀሐይዋ ትውጣ» አልከኝ። ስቄ ዓሣዬን መብላት ቀጠልኩ። ያችን ኮምፒውተር ለጎረቤቱ ሁሉ ጣውንቴ እያልኩ ነበር የማማት።

ባለፈው ሳምንት ሲፈን ከፈተቻት። ፕሮግራም ስትጽፉ በመሐል ማሽኑ የሚዘለው፣ ሰው ብቻ የሚያነበው ማስታወሻ ታስገባላችሁ አሉ። እኔ ይህን በምን አውቄ። አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የጻፍከው፤ ልጅህ ናት ያነበበችልኝ። «ዛሬ ሐኪሙ ጉበትህ አብቅቶለታል አለኝ። ለእሷ ጨጓራ ነው ብያታለሁ። ጀልባዋ ስትዞር ጥላዋ ይዘገያል፣ ነገ ይስተካከል።»

የኛ ሰው የከፋ በሽታ ሲመጣ ለቤተሰብ ይነግራል፣ ከበሽተኛው ይደብቃል። አንተ ገለበጥከው። ሐኪም ቤት አትከተይኝ ያልከኝ ለዚህ ነው ለካ። እኔ ተልባ እየበጠበጥኩ፣ በርበሬ እየከለከልኩ፣ ይሻልሃል እያልኩህ ሰባት ወር ተሞኘሁ። ብትነግረኝ አለቅስ ነበር፣ እሺ። ግን አጠገብህ ተቀምጬ ነበር የማለቅሰው። ደራ ያለችው እህቴ ጋ ለሠርግ «ሂጂ፣ ተጫወቺ» ብለህ ልከኸኝ ሳምንት ከረምኩ። አንተ ቀንህ እያለቀ መሆኑን ታውቅ ነበር። ያንን ሳምንት ማን ይመልስልኛል?

ጓደኛህ ጌሙን ለሰው ላውጣው፣ ማስታወሻውን ግን ላጥፋው ብሎ ጠየቀኝ። ጌሙ ይውጣ፣ ማስታወሻውም አይነካ አልኩት። ውሃውን ያሳመርከውም፣ እኔን የዋሸኸኝም አንተው ነህ።

አልረሳህም። ለጊዜው እንደተቀየምኩህ ነው የማስታውስህ። ቅያሜዬ የወጣልኝ ቀን መቃብርህ ድረስ መጥቼ እነግርሃለሁ፤ እኔ ካንተ የምደብቀው የለኝም።

ያንተው አስቴር