ከባቢሌ ወዲያ

እማዬ፣

ከሄድሽ ዓመት ከሦስት ወር ሆነ። ለሙት ዓመትሽ መቃብርሽ አጠገብ ስቀመጥ ያልነገርኩሽ ነገር አለ፤ ያን ጊዜ ገና አልሆነም ነበር። አሁን ሆኗልና ራሴ ልንገርሽ፤ ከባቢሌ አለፍኩ።

ከመቆጣትሽ በፊት የቤቱን ስሚ። ሁላችንም ደህና ነን። ልጄ ሕሊና ሦስተኛ ክፍል ገብታለች። ክፍልሽን ወርሳ፣ በመስኮቱ የሐኪም ጋራን ተራራ እያየች የቤት ሥራዋን ትሠራለች። የሆስፒታል ጋውንሽን ለብሳ አሻንጉሊቶቿን ታክማለች፤ መሬት ለመሬት ይጎተታል፤ ተይ አላልኳትም። ባለቤቴ ሰለሞን የሚያንጠባጥበውን ጣሪያ በመጨረሻ አስጠግኗል። አንቺ ስትለምኚው ሦስት ክረምት ያለፈበት ጣሪያ! ስቱዲዮዬም ቦታው ላይ ነው። በሳምንቱ ቀናት ጉርድ ፎቶ፣ ቅዳሜና እሑድ ሠርግ።

ሠርግ ካልኩ አይቀር፣ ጀጎል ውስጥ ያስገባሽኝ አንቺ ነሽ። ሙሽራ በምታጌጥበት ክፍል ወንድ ፎቶ አንሺ አይገባም። እኔም ሴት ብሆን ከግንቡ ውጭ የመጣሁ የክርስቲያን ልጅ ነኝ፤ ማን ያውቀኛል? አንቺን ግን ያዋለድሻቸው ሁሉ ያውቁሻል። የመጀመሪያው ሥራዬ ቀን ከተረኛነት ወጥተሽ፣ ጋውንሽን በፌስታል ይዘሽ መጣሽ፤ ፍላሹንም እንደ ግሉኮስ ከፍ አድርገሽ ያዝሽልኝ። ሙሽራዋ ከካሜራዬ ፊቷን ስትደብቅ፣ «አንቺን መጀመሪያ ያየሁሽ እኔ ነኝ፤ ያን ቀን አላፈርሽም» አልሻት። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ከዚያ በኋላ የትም ቤት ስሄድ «የሲስተር ዘውዴ ልጅ መጣች» እየተባለ በር ይከፈትልኝ ጀመር።

ብስክሌት መንዳት ስጀምርም ከጎኔ ነበርሽ። ጎረቤቶቻችን «ሴት ልጅ ኮርቻ ላይ? ማህፀኗን ይጎዳታል» ሲሉ፣ በር ላይ ቆመሽ «ስለ ማህፀን ከእኔ በላይ የሚያውቅ ካለ ይምጣ» አልሽ። ማንም አልመጣም።

አንድ ነገር ብቻ ከለከልሽኝ። በጅጅጋ መንገድ የጫት መኪና የገጫቸው ሰዎች በቃሬዛ ሲገቡ ዕድሜሽን ሙሉ አይተሻል። «እስከ ባቢሌ ሂጂ፤ ከዚያ አትለፊ» አልሽኝ። እሺ አልኩሽ፤ ጠበቅሁትም። ባቢሌ ደርሼ ለውዝ ገዝቼ እመለሳለሁ፤ አንቺም መንገዱን ሳይሆን ለውዙን አይተሽ መድረሴን ታረጋግጫለሽ።

ከሞትሽ በኋላ ብስክሌቱ ለወራት ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ሰው ሁሉ እንደ እንቁላል ይይዘኝ ጀመር፤ እኔም ራሴን እንደዚያው። ታዲያ ከሙት ዓመትሽ በኋላ፣ እንደ ጀጎል ሰው «አይ»፣ እናቴ፣ እያልን የምንጠራት አይ ሐሊማ ከጅጅጋ ደወለች። ነጋዴ ባሏን ተከትላ ከጀጎል ወደዚያ የሄደችው፣ ታስታውሻታለሽ። «አላህ ያጽናሽ፤ ልጄን እየዳርኩ ነው፤ ካንቺ በቀር ሌላ ሰው አያነሳትም» አለችኝ። ስልኩን ስዘጋ ቆርጬ ነበር። በብስክሌት ልሄድ።

ሰለሞን «እናትሽ ምን ብላሽ ነበር?» አለኝ።

«አውቃለሁ» አልኩት።

ሁለት ቀን አልተነጋገርንም። በሦስተኛው ቀን ግቢ ስወጣ ብስክሌቱን ገልብጦ ፍሬኑን ሲያጠብቅ አገኘሁት። ቀና ሳይል፣ «ካሜራውንና ልጅቷን እኔ በሚኒባስ አመጣለሁ» አለኝ።

ሠርጉ እሑድ ነበር፤ ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ተነሳሁ። ባቢሌ ስደርስ ለውዝ ሻጮቹ እንደ ልማዳቸው ወደ እኔ መጡ። እጄን አውለብልቤ አለፍኳቸው። እማዬ፣ ልቤ እንደ ሌባ ነው የመታው። ዳካታ ሸለቆ፣ ድንጋይ ድንጋይ ላይ ተሳፍሮ በቆመበት ሜዳ ግን ቀስ በቀስ ረጋ። ካሜራ አልያዝኩምና ዝም ብዬ አየሁት። ያለ ካሜራ አንድ ቦታ ሳይ ከስንት ጊዜዬ ነው!

ከዚያ የፈራሽው መጣ። አንድ የጫት መኪና ከኋላዬ ተወርውሮ አጠገቤ አለፈ። አልነካኝም፤ ነፋሱ ግን ከአስፋልቱ አውጥቶ ጠጠር ላይ ጣለኝ። ጉልበቴ ተላጠ። መንገድ ዳር ተቀምጬ እንደ ልጅ ስምሽን እየጠራሁ አለቀስኩ።

እነሰለሞን የተሳፈሩበት ሚኒባስ የደረሰው እዚያው እንደተቀመጥኩ ነው። ሕሊና ዘላ ወረደች። ጉልበቴን በውኃ አጥባ በነጠላዬ ጫፍ አደረቀችልኝና «ይቆጠቁጣል፤ ግን ጥልቀት የለውም» አለችኝ፤ ቁርጥ አንቺን። ረዳቱ ብስክሌቱን ጣሪያ ላይ ሊጭን እጁን ዘረጋ። ሰለሞን አስቆመውና ወደ እኔ ዞረ፤ «ትችያለሽ?»

እግሬን ዘርግቼ አጠፍኩት። «እችላለሁ» አልኩት። መኪናው ሄደ።

ጅጅጋ መግቢያ ያለውን የካራማራን ተራራ ሙሉውን በፔዳል ወጣሁት ብዬ አልዋሽሽም፤ ግማሹን ብስክሌቱን እየገፋሁ በእግሬ ነው። ግን ወጣሁት። ጅጅጋ ስገባ አሥር ሰዓት ሆኖ ነበር።

አይ ሐሊማ እያነከስኩ ስገባ አይታ ጮኸች፤ በብስክሌት መምጣቴን ስትሰማ ደግሞ እየሳቀች አለቀሰች። አጠገቤ ቁጭ ብላ ስለዚህች ሙሽራ ልጇ መወለድ ነገረችኝ። ሕፃኗ በጭንቅላቷ ሳይሆን በእግሯ መጥታ፣ እናትየዋ ደክሟት አልገፋም ብላ እንደነበር። «እናትሽ ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ፣ መፍራት ትችያለሽ፤ ማቆም ግን አትችዪም አለችኝ» አለች።

እማዬ፣ ይህን ቃል ካንቺ ሰምቼው አላውቅም። ለእኔ የሰጠሽኝ የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ነበር። ልጅሽ ስለሆንኩ እንደሆነ ይገባኛል፤ እኔም ለሕሊና ሙሉውን ለመስጠት ገና አልደፈርኩም።

በማግስቱ ሙሽራዋን አነሳሁ። እንደዚያ ያለ ፎቶ አንስቼ አላውቅም። ስንመለስ ብስክሌቱ ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ነበር፤ እኔ ውስጥ ተኝቼ። በዚያ መንገድ ደግሜ እሄዳለሁ። ከአሁን ጀምሮ ግን ብቻዬን አልሆንም፤ ከከተማው አንዲት አስተማሪና ካንቺ ማዋለጃ ክፍል አንዲት ወጣት አዋላጅ ነርስ አብረውኝ መንዳት ጀምረዋል።

ሥራዬ ላይም አንድ ነገር ጨመርኩ። በየሠርጉ ከሙሽራዋ በፊት እናቷን ብቻዋን አነሳለሁ፤ እያነሳሁም ልጇን የወለደችበትን ቀን እጠይቃታለሁ። ብዙዎቹ ያንን ቀን ያሳለፉት ካንቺ ጋር ነው። አንዷን ተቆጥተሻታል፤ ለሌላዋ ሻይ አፍልተሽላታል፤ ሁሉንም ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት፣ ምጡ ሲበረታ በቀስታ ትዘፍኚላት እንደነበር ነገረችኝ። አንቺ፣ እማዬ? ቤተ ክርስቲያን እንኳ ከንፈርሽን ብቻ የምታንቀሳቅሺው? ዘፈኑ የትኛው እንደነበር ግን ጠፍቷታል።

እጠይቃለሁ። አንድ የምታስታውሰው እናት እስካገኝ፣ በገባሁበት ቤት ሁሉ እጠይቃለሁ።

ልጅሽ