የይርጋ ካፖርት በጎመኑ መሀል

ሰኞ

ደግሞ በሉት። ትናንት ውኃ ያጠጣሁትን ጎመን ግማሹን መደብ እስከ ግንዱ ግጠውት ሄደዋል። የካሮቱንም ቅጠል ላጭተውታል። በጠጣቸውን እንደ ምርቃት ትተውልኛል። ቆሽቴ አረረ። የካቲት ሲገባ ከከተማው በላይ ያለው ሣር ይደርቅና ጥንቸል ሁሉ ቁልቁል ወደ ደባርቅ ጓሮ ይወርዳል። ከደባርቅ ጓሮ ሁሉ የመረጡት የእኔን ነው።

ጓሮው የባሌ ነው። ይርጋ ሚሊሺያ ተብሎ ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ሲዘምት መደቡን ቆፍሮ፣ ችግኙን ተክሎልኝ ሄደ። «ይሄን ብቻ እንዳታጠፊብኝ» አለኝ። ከኅዳር ወዲህ ደብዳቤ የለም። ጎመኑ ቆሞ ካየሁ እሱም ደህና ነው እላለሁ። አስተማሪ ሆኜ እንዲህ ማሰቤ ያሳፍራል፤ ግን አስባለሁ።

ማክሰኞ

ከትምህርት ቤት እንደተመለስኩ የአጥሩን ቀዳዳ ሁሉ በቀጋ እሾህ ደፈንኩ። እጄ ደም በደም ሆነ። በመደቡ ዙሪያ አመድ ነሰነስኩ፤ በርበሬም ጨመርኩበት። ለእኛ ያልተረፈውን በርበሬ ለጥንቸል።

ረቡዕ

ከእሾሁ ሥር ሾልከው ገብተዋል። አመዱ ላይ የእግራቸው ዱካ ብቻ ነው፤ ሲጨፍሩ ያደሩ ይመስላል።

ጎረቤቴን ጋሽ ታከለን ወጥመድ ሥሩልኝ ብዬ ለመንኳቸው። ሳቁብኝ። ሥጋው አይበላ፣ ቆዳው አይሸጥ፣ ለጥንቸል ወጥመድ ማን ሠርቶ ያውቃል አሉ። ቆቅ ቢሆን እሺ። በጠመንጃ አንድ ሁለቱን ቢጥሉልኝስ ስላቸው ፊታቸው ተለወጠ። በዚህ ዘመን ከተማ ውስጥ አንዲት ጥይት ብትጮህ ከጥንቸሏ በፊት የሚያዙት እሳቸው ናቸው። እውነታቸውን ነው። ስወጣ የይርጋ እናት መቼ እንደሚመጡ ጠየቁኝ። ቅዳሜ ለገበያ አልኳቸው።

ሐሙስ

ትናንት ባዶ ጣሳ በገመድ አንጠልጥዬ ነበር። ነፋሱ ሲያንቋቋው አደረ። ጎረቤት ተማረረ፣ ልጄ ሰብለ ስታለቅስ አደረች፣ ጥንቸሎቹ በሙዚቃ በሉ። የቀረው አንድ ጥግ ብቻ ነው። መደቡ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ለጎመን ይለቀሳል?

ከዚያ ተናደድኩና ሁለት እንጨት አመሳቅዬ አሠርኩ፤ የይርጋን ካፖርት አለበስኩት፣ ባርኔጣውንም ከላይ ደፋሁበት። ካፖርቱ አሁንም እሱን እሱን ይሸታል። ሰው ያለ ይምሰላቸው።

ዓርብ

አንድም ቅጠል አልተነካም። አንድም! ካፖርቱን «እንዴት አደርክ» አልኩት። ተማሪዎቼ ዛሬ ምን ነካት ሳይሉኝ አልቀሩም፤ ማንንም አልተቆጣሁም።

ቅዳሜ

እማማ፣ የይርጋ እናት፣ ከዳባት በጭነት መኪና መጡ። ሁልጊዜ የሚገቡት በጓሮ በኩል ነው። ካፖርቱንና ባርኔጣውን እንዳዩ ነጠላቸውን ጥለው መሬት ላይ ወደቁ። ልጄን፣ ልጄን እያሉ ደረታቸውን ደቁ። የሠራሁት ያኔ ገባኝ። እኛ አገር ሰው ርቆ ሲሞት፣ አስከሬኑ ሳይመጣ ሲቀር፣ ልብሱን አቁመን ነው የምናለቅሰው። ይህን ሳላውቅ ቀርቼ ነው? እነዚህ ጥንቸሎች ዓይኔን አሳወሩኝ።

ጎረቤት እየጮኸ ገባ። መሀል ቆሜ ለጥንቸል ነው፣ ለጥንቸል ነው እላለሁ፤ ማን ይስማኝ። እማማን አቅፌ አነሣኋቸው፣ የተጋጠውን ግንድ በእጃቸው አስዳሰስኳቸው። በስንት መከራ አመኑኝ። እንባቸው ሳይደርቅ ሳቁ። ሰዉ ግን አልሳቀም። አንድም ሰው አልሳቀም።

የነፍስ አባታችን ደረሱ። ወደ ጥግ ወሰዱኝና በቀስታ፣

«ማን ነገረሽ ልጄ?» አሉኝ።

«ምኑን አባ?»

ጋሽ ታከለን አዩ። ጋሽ ታከለ መሬት መሬቱን አዩ። ነገ በማለዳ መጥተን እንጠይቃችኋለን ብለው ወጡ። ቄስና ሽማግሌ ሆነው በማለዳ ቤት የሚያንኳኩት ለምን እንደሆነ የማያውቅ የለም። መርዶ በማለዳ ነው የሚነገረው። ዐውቀዋል። እናቱ እስኪመጡ ጠብቀው ነው እንጂ ዐውቀዋል።

ካፖርቱን አወለቅሁት።

እሑድ

ገና እየነጋ ነው። እማማ አጠገቤ ሆነው ጥሩ እንቅልፍ ተኙ። ሲነቁ በትናንቱ አፈሩ። በቁሙ አለቀስኩበት፣ ይቅር ይበለኝ፣ ሲመጣ ሙክት አርጄ እክሰዋለሁ አሉ። ሳቁ። አብሬያቸው ሳቅሁ። እንዴት እንደሳቅሁ እንጃ። ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ፤ አልቻልኩም። ምናልባት ቆስሎ ይሆናል። ምናልባት ተማርኮ ነው። ምናልባት እኔ ነኝ የተሳሳትኩት።

ጓሮ አልወጣሁም። ከፈለጉ ጨርሰው ይብሉት።

ደጅ የብዙ ሰው ኮቴ ይሰማኛል። በቀስታ ነው የሚረግጡት።

እማማም ሰምተዋል። «እንግዳ መጣብሽ መሰለኝ፣ ልጄ። ተነሺ ክፈቺላቸው» አሉኝ።